የአያ ይሁኔ መርጫና የቦጋለች ባቄላ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ዘንድሮ የዘራሁት ገብስ እንክርዳድ ሆኖ ይብቀል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ፈጥሮ የሚያወራ ጭንቅላት ቢኖረኝ ዘጠነኛ እገባ ነበር። «እንዲህ ያለ ሽማግሌ የለም» የሚል ካለ ስማዳ ድረስ ይምጣና ይይ። መንገዱን ግን አስቀድሜ ልንገረው፤ ውርንጭላ እየነዳ የተነሣ ሰው ወገዳ ከተማ ሲገባ የሚነዳው አህያ ነው።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት በማለዳ አያ ይሁኔ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ደብሩ ይወጡ ነበር። የሚወጡት ለማስቀደስ ብቻ አይደለም፤ ሊምሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታቸው ቦጋለች ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት። መስከረም ላይ ባቄላዋን ክሽክሽ ወረረባትና የአያ ይሁኔን በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ተውሳ የተባይ መድኃኒት ረጨችበት። በሳምንቱ ክሽክሹም ሄደ፣ ባቄላውም ተከተለው። ቅጠሉ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዘዘ፤ አገዳው እንደ ገመድ ተገመደ፤ አበባው ረገፈ። ቦጋለች፣ «በማሳችን ወሰን በተጣላን ጊዜ ቂም ይዞብኝ መርዝ ጨምሮ ሰጠኝ» አለች። አያ ይሁኔ፣ «እኔ አላደረግሁም» አሉ። ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሲያቅታቸው በአገሩ ልማድ ነገሩን ለመሐላ ሰጡት። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው «እጄ የለበትም» ካሉ ነጻ ናቸው፤ ካልማሉ አጥፊ ናቸው። ከማሉ ደግሞ ሁለቱ ቤቶች አበቃላቸው። መሐላ የገባበት ጎረቤት በኛ አገር እሳት አይጫጫርም፤ ልቅሶም አይደራረስም።

ዳገቱ ላይ የቦጋለችን ልጅ ዮርዳኖስን አገኟት። ወገዳ ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፤ ለበዓሉ መምጣቷ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገልጣ አንድ ነገር ደጋግማ ታነበንባለች። ሲደርሱ ብድግ አለች።

«እንዴት አደሩ አያ ይሁኔ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጭ። እናትሽ ካየችሽ ከጠላቴ ጋር ታወራለች ብላ ቁርስ ትነሣሻለች።»

«ትንሣኝ። ዛሬ ጦሜን ብውል ዕዳው የሁለታችሁ ነው።»

«አፍሽ እንደ አባትሽ ነው። ምንድን ነው የምታነበንቢው?»

«የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሰኞ ፈተና አለብን። ሌላው ሁሉ ገብቶኛል፤ ይኸ አንዱ ነው እምቢ ያለኝ። አንዊቲንግሊ ይባላል።»

«ሲጠሩትስ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ፍቺው ምንድን ነው?»

«ሰው አንድ ነገር አድርጎ፣ ማድረጉን ግን ሳያውቀው፣ ሳያስበው ሲቀር ነው።»

አያ ይሁኔ በዱላቸው መሬቱን ወጋ አደረጉት። «እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰው ወይ አድርጓል ወይ አላደረገም። ይኸ ፈረንጅ ሲያጠፋ የሚገባበት ጎሬ ነው።»

«ጎሬ አይደለም፤ ከጎሬ የሚያወጣ ነው። ለመሆኑ ዛሬ ምን ብለው ሊምሉ ነው?»

«በእናትሽ ባቄላ ላይ እጄ የለበትም ብዬ።»

«እንግዲያ በሐሰት ሊምሉ ነው።»

ይህን ቃል ለአያ ይሁኔ የተናገሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ይባላል። አንዱ ሞቷል፤ ሁለተኛው እስካሁን ያነክሳል። ዮርዳኖስ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አንቺ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «አባትሽን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ያደግሽበትን ቤት ሣር የከደንኩ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እዚህ ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁዎ፤ ቃሉንማ ቤቴ ሆኜ አነበው ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሐምሌ የስንዴዎን አረም በምን አጠፉት?»

«በቱፎርዲ ነዋ። ሁሉም የሚረጨው እሱን ነው።»

«በየትኛው መርጫ?»

«ስንት መርጫ አለኝ? በዚያው።»

«ከዚያ በኋላ አጥበውታል?»

«ውሃ ጨምሬ ነቅነቅ አድርጌ ደፋሁት።»

«በሳሙና አላጠቡትም?»

«መርጫ ሙሽራ ነው እንዴ በሳሙና የሚታጠብ?»

ዮርዳኖስ ከደብተሯ መካከል የደረቀ የባቄላ ቅጠል አወጣች። የተጠማዘዘው እንደተጠማዘዘ ነው። «ይህን ለግብርና ባለሙያው ወስጄ አሳየሁት። ማን ረጨ አላለኝም፤ ምን ረጫችሁ አላለኝም። 'በማን መርጫ?' ብቻ ነው ያለኝ። ያ የአረም መድኃኒት ስንዴና ገብስን አይነካም፤ ቅጠለ ሰፊውን ግን ይፈጃል። ባቄላ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። በመርጫው ቱቦና አፍ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ነገር ናት ማሳውን የጨረሰችው። ስንዴዎን ያዳነው ነው ባቄላችንን የገደለው።»

አያ ይሁኔ ቅጠሉን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። እኔ በዚህ ቦታ ላይ አንባቢን አንድ ነገር እለምናለሁ። በእልኸኛ ሰው አይሳቅ። ሰባ ዓመት ሙሉ የሰው እሸት ያልቀጠፈ ሰው የጎረቤቱን ማሳ በገዛ መርጫው እንዳወደመ ሲሰማ፣ መጀመሪያ የሚመጣለት ንስሐ ሳይሆን ቁጣ ነው።

«እናትሽስ ለምን አላጠበችውም?» አሉ።

«እሷም አላወቀችማ። እሷም አንዊቲንግሊ ነች።»

«ቃሉ ብዙ ሰው ይጭናል።»

«ስማዳን በሙሉ ይጭናል።»

«ነገር ግን ሳላውቅ የሆነው እንዴት የኔ ይሆናል? እግዚአብሔር የሚፈርደው በልብ ነው። ልቤ ንጹሕ ነው።»

«ልብዎማ ንጹሕ ነው፤ መርጫዎ ነው ያልጸዳው። ንስሐ ሲገቡ ካህኑ ፊት ምን ይላሉ?»

«በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን...» ብለው ጀመሩና አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። «በኢያእምሮ» አሉ ለራሳቸው። «ባለማወቅ።»

«ታዲያ ካላወቁት ነገር ነጻ ቢሆኑ ኖሮ ስለሱ ይቅርታ ለምን ይለምናሉ?»

«አሁን ይህን እዚያ ላይ ቆሜ ብናገር ሰው ምን ይላል? ይሁኔ ሊምል ወጥቶ ወገቡ ተቆረጠ፤ አጥፊ ነው ይላል።»

«ሽማግሎቹ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያላቸው፤ ንጹሕና አጥፊ። ሦስተኛውን እርስዎ ይጨምሩላቸው።»

አያ ይሁኔ ቅጠሉን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡ። ዱላቸውን አንሥተው ዳገቱን ተያያዙት።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሽማግሎቹ ከበሩ ፊት ቆሙ። ቦጋለች ክንዷን አጣምራ ወደ ጎን ዞራለች። የደብሩ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ «ይሁኔ፣ በሩን ይዘህ ማል» አሉ። አያ ይሁኔ በሩን ያዙ፤ ከዚያ ለቀቁት።

«አልምልም።»

«አላልኳችሁም?» አለች ቦጋለች።

«ቆዪ አንቺ ሴት፣ ገና አልጨረስኩም። ባቄላሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቂም ግን አይደለም። የአረም መድኃኒት የነካውን መርጫ ሳላጥብ አዋስኩሽ። ማጥፋቴን ራሱ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ ያውም ከልጅሽ። አንዊቲንግሊ ነው።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የምን እንግሊዝኛ ነው? ልማዱ ግልጽ ነው። ካልማልክ አጥፊ ነህ።»

«ልማዳችሁ ጎደሎ ነው» አሉ አያ ይሁኔ። «የማለ ንጹሕ፣ ያልማለ ክፉ ካላችሁ እውነቱን የሚናገር ሰው የት ይቁም? እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። የሚያነሣኝ ካለ ይምጣ። ዘሩን እተካላታለሁ፤ መሬቷን በበሬዎቼ አርስላታለሁ። በሐሰት ግን ይህን በር አልይዝም፤ ክፉ ነህ የሚለኝንም አልቀበልም።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ወደ ሽማግሎቹ ጠቆሙ። «በኢያእምሮ የሚል ቃል እኛም ነበረን» አሉ። «በጸሎት እያልነው በፍርድ ረስተነዋል።»

ሁሉም ወደ ቦጋለች ዞረ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልጇን አየች፤ አያ ይሁኔን አየች።

«ሳሙናውን ማን ነው የሚገዛው?» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቀበሌ ስንት ነገር ተሻሻለ። መርጫ ከምንጭና ከንብ ቀፎ ርቆ ሦስት ጊዜ፣ ያውም በሳሙና ይታጠባል። ለአረም የተገዛ መርጫ ለተባይ አይታዘልም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ሽማግሎች ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አድርገሃል ወይ?» ብቻ መሆኑ መቅረቱ ነው። «አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?» ይላሉ። ሰውም ሳያውቅ ያጠፋውን ሳያፍር ይናገራል፤ ጎረቤቱም ሳይረግም ይሰማል። ቦጋለችና አያ ይሁኔ ዘንድሮ ባቄላውን የዘሩት በወንፈል ነው።

ምያለሁና አንዲት ነገር ልናዘዝ። አያ ይሁኔ በበሩ ፊት ያችን የእንግሊዝኛ ቃል አልተናገሩም። በእሷ ፈንታ ያሉት፣ «ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ» ብቻ ነው። አንዊቲንግሊን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱንም አውቄ ነው።