የሀናን ኩሬና የአያ አበጋዝ አቤቱታ

የመካነ ሰላም የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ክርክር ያልሰማህበት ቀን እህል አይወርድልህም» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ማልጄ የወጣሁት ለክርክር አልነበረም። የቀድሞ ተማሪዬ ሀናን ወደ ዓባይ በሚያወርደው መንገድ፣ ከወይና ደጋው ምንጭ አጠገብ የዓሣ ኩሬ ቆፍራለች ሲሉኝ ጓጉቼ ነው። ክርክሩ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ እንጂ!

ኩሬው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አያ አበጋዝ ዳገቱን ሲወጡ ተገናኘን። አያ አበጋዝ ዓባይ ወርደው በመረብ እያጠመዱ ለከተማችን ምግብ ቤቶች ዓሣ ሲያቀርቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም አያ አበጋዝ! እንዴት አደሩ? ምነው ዛሬ ዓሣ የለም?»

«ወአለይኩም ሰላም፤ ክብሩ ይስፋ። ዛሬ የያዝኩት ወረቀት ነው» አሉና የሸሚዛቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። «ዘጠኝ አጥማጆች የፈረምንበት አቤቱታ ነው። ያቺ ከሪያድ የመጣች ልጅ ኩሬዋን ትድፈን ብለናል። ወረዳ ላስገባው ነው።»

«ምን አደረገችዎት?»

«ምን ቀራት! እኔ ገደል ወርጄ፣ ከአዞ ተጋፍቼ፣ ዳገት ወጥቼ የማመጣውን ዓሣ እሷ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ልትሸጠው ነው። ማን የኔን ይገዛል? መምህር፣ ልጄ መሰረት ዓረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርት ለማውጣት ተነሥታለች። ‹ቆይ፣ ዓሣው ያኖረናል› እያልኩ ነው የያዝኳት። ዓሣው ከቀረ በምን አፌ ቅሪ እላታለሁ?»

አንጀቴን በሉት። ግን እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ለመሆኑ ኩሬውን አይተውታል?»

«ምን ያሳየኛል?»

«ሳያዩ ሊከሱ? አያ፣ ይሄ ከእርስዎ አይጠበቅም!»

ነገሩ ከነከናቸው። ዱላቸውን ወደ ኩሬው አዙረው «ምራኝ» አሉ።

ኩሬው ዙሪያ ሠርግ ቤት ይመስላል። የመንደሩ ሰው ጉድ ሊያይ ተሰብስቧል፤ ማንም ደግሞ ባዶ እጁን አልመጣም። እትዬ ፈንታዬ ከማኅበር የተረፈ ንፍሮ፣ ሙሐሲን ከሰደቃ የተረፈ ዳቦ ይዘዋል። እየቆረሱ ወደ ውሃው ይወረውራሉ። በኛ አገር አፉን ከፍቶ የሚያይህን ፍጡር ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ዓሣዎቹ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ አፎች ከውሃው ላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አያ አበጋዝ! እንኳን መጡልኝ!» አለች ሀናን፣ ሻሿን እያስተካከለች እየሮጠች። «እዩአቸውማ፣ ዛሬ እንዴት እንደራባቸው! መንደሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ እያጎረሰልኝ ነው።» ለእሳቸውም ለእኔም ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን።

አያ አበጋዝ ዳቦውን አልወረወሩም። ጎንበስ ብለው ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው አሸተቱት። ከዚያ የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«እጃችሁን ሰብስቡ! አንድ ፍርፋሪ እንዳትጥሉ! ይሄ ረሃብ አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው! የጣላችሁት እህል ታች በስብሶ አየሩን ጨርሶባቸዋል። ፀሐይ ሳትጠነክር ካልደረስን አንድም አይተርፍ!»

ሀናን ክው አለች። «ወይኔ! እንግዳ ይዞ የመጣውን እንዴት ልመልስ ብዬ...»

«ወሬውን ኋላ! የምንጩን ቦይ ክፈቱ! በታች በኩል ቆሻሻው ይውጣ! አንቺ ዓሣው አብሮ እንዳይወጣ ወንፊት አምጪ!» አሉና ሱሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ዘለው ገቡ። ውሃውን በሁለት እጃቸው ሽቅብ እየበተኑ፣ እየናጡ፣ «ተነሡ፣ ተነሡ!» ይላሉ፤ ለእኛ ይሁን ለዓሣዎቹ እንጃ። እኔ ስለ ኦክስጅን ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ዳቦዬን ጨብጬ ቆሜያለሁ! አፈርኩ። ጫማዬን ወርውሬ ገባሁ፤ ሙሐሲን ተከተለኝ፤ እትዬ ፈንታዬ ሳይቀሩ በባልዲ እየቀዱ ከላይ ያፈሱ ጀመር።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተሯሯጥን። ቀዝቃዛው የምንጭ ውሃ ሲገባ አፎቹ አንድ በአንድ ከላይ ጠፉ። ሦስት ዓሣ ብቻ ሞተ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ሀናን ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አያ፣ የሪያድ የስድስት ዓመት ልፋቴ ነበር። ይሄ ቢያልቅብኝ ተመልሼ እዚያው የሰው ቤት ነበርኩ። ግን ሰምቻለሁ፤ ሊያስዘጉኝ ነበር አሉ። ለምን አዳኑልኝ?»

አያ አበጋዝ የራሰ ጢማቸውን ጨመቁ። «ዓሣ ሲታፈን ዓይኔ እያየ ልቆም ነው? ወላሂ አልችልም።»

ጊዜዬ መሆኑን አወቅሁና ቀረብኩ። «አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክረምት ዓባይ ሲሞላ የት ያጠምዳሉ?»

«የት ይጠመዳል! ቤታችን ተቀምጠን መስከረምን እንጠብቃለን።»

«ምግብ ቤቶቹስ?»

«ይረሱናል። በየዓመቱ እንደ አዲስ ደጅ እንጠናለን።»

«ክረምቱን ከኩሬ ዓሣ ቢያገኙ ገበያው ይረሳችኋል? የለመደ በላተኛ በጋም ይፈልጋል እኮ! ደግሞስ የወንዙ ዓሣ እንደ ድሮው ነው?»

ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ድሮ ክንዴን ያህል ነበር። አሁን መዳፌን አይሞላም። ሲጠፋብን ጊዜ የመረቡን ዓይን አጠበብነው።»

«ስለዚህ ገና ያልወለደውን ልጅ እያወጣችሁ ነው። ወንዙን ማን እየጨረሰው እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እኛው ነን» አሉ፤ ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጨምርም።

ሀናን ዕንባዋን ጠረገች። «አያ፣ እኔ የኩሬውን ትምህርት ወስጃለሁ፤ ዓሣውን ግን አላውቀውም፤ ዛሬ አየሁት። እርስዎ ያውቁታል። መሰረትን ይላኩልኝ፤ አብረን እንሥራ። አጥማጆቹም የየራሳቸውን ኩሬ ይቆፍሩ፣ ወንዙም ይረፍ። ክርስቲያንና እስላም ሳይለይ ከአንድ ሳህን የሚበላ ሥጋ ዓሣ ብቻ አይደል? ለዚህ አገር ሠርግ እኛ ሁላችን ብናቀርብ እንኳ አይበቃም!»

አያ አበጋዝ ድንገት ኪሳቸውን ያዙ። «አቤት! ወረቀቱ!» ያወጡት ነገር የራሰ ድቡልቡል ነበር፤ ቀለሙ ፈስሶ የዘጠኙም ሰው ፊርማ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ማን ሳቁን ይያዘው!

«መምህር፣ ብዕር ይዘሃል?»

«መምህር ያለ ብዕር ይሄዳል?»

«ሌላ ጻፍልኝ። ዓሣ በሚወልድበት ወራት መረብ እንዳይጣል፣ መረቡም ዓይኑ ሰፊ ይሁን በል። ኩሬ ለሚቆፍር አጥማጅ ቦታ ይሰጠን በል። ስምንቱን ጓደኞቼን እዚህ አምጥቼ ኩሬውን አሳይቼ አሳምናቸዋለሁ።»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ጨርሼ «ኩሬ ጠያቂ ብዬ በመጀመሪያ የማንን ስም ላስገባ? የእርስዎን?» አልኳቸው።

አያ አበጋዝ ከሱሪያቸው ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ኩሬው ተመለከቱ።

«የመሰረትን» አሉኝ። «ፓስፖርቷ ላይ ሳይጻፍ እዚህ ይጻፍ።»