የዳማው ቀለብ

«የአቶ ባዘዘው ፈረስ ዓይን ገብቶበታል» አለ ጎረቤታቸው ወገኔ። መጀመሪያ የተናገረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ደገመው። ረቡዕ ደግሞ እንጅባራ፣ ቆሰበር ገበያ፣ ድንች ከሚራገፍበት አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው እየተጠነቀቀ፣ «ዓይን ነው እላችኋለሁ! ያ ዳማ ፈረስ እንደ ነፋስ አልነበረም እንዴ? አሁን ከጥርባ እዚህ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይቆማል!» አለ። ገብስ ካልዘሩት አይበቅልም፤ ወሬ ግን ሳይዘሩትም ይበቅላል።

አቶ ባዘዘው ወሬው ጆሯቸው ሲደርስ አልተቆጡም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ ዓይን የሚገባው የሚያስቀና ነገር ላይ ነዋ። ፈረሱን ጠበል አስረጩት፤ አንገቱ ላይ ክታብ አሰሩለት። ዳማው ግን ዳገት ባየ ቁጥር ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጌታውን ያይ ነበር። ፈረስ መናገር አይችልም፤ ከዚያ በላይ ምን ያድርግ?

የአቶ ባዘዘው ጭንቀት ሌላ ነበር። በኅዳር መግቢያ በተደረገው ስብሰባ፣ የሰፈራቸው ፈረሰኞች ሰብሳቢ አዝመራው፣ «ዘንድሮ የሰፈራችንን ዳገት ሳይቆም ያልወጣ ፈረስ ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ፊት አይሰለፍም» ብሎ ነበር። የፊቱ ረድፍ የአባታቸው ቦታ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ለእሳቸው ተላለፈ። ያን ቦታ ለቅቆ ከኋላ አቧራ መብላት ለአቶ ባዘዘው በቁም ከመቀበር የሚለይ አልነበረም።

በዚያው ረቡዕ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገብተው አረፍ አሉ። ጊዜው ከዘጠኝ ሰዓት ያለፈ፣ ወሩም የነቢያት ጾም ነው። በግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን የፈረንጅ ካርቱን ይታያል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ አባወራ፣ ሐኪም «ምግብ ቀንስ» ብሎት፣ ማቀዝቀዣውን በሰንሰለት ያስርና ቁልፉን ጉድጓድ ይጥላል። ጥቂት ቆይቶ ሰንሰለቱን በጥርሱ ይታገለዋል። አቶ ባዘዘው እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

«አይሣቁበት፣ አጎቴ፤ ዘመድዎ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ዞር ቢሉ ትህትና ናት፤ የእህታቸው ልጅ፣ እዚያው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ጤና የምትማር፣ ምላሷ ትምህርቷን የቀደመ። ተነሥተው ሳሟት፤ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ይህ ጅል ጥሩ ነገር አስተማረኝ» አሏት ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ። «ለካ የሰባ ሰው ቀለቡ ይቀነሳል! ዳማውም የደከመው ሰብቶ ነው። ከነገ ጀምሮ ገብሱን በግማሽ አወርድበታለሁ።»

«የሰባው ዳማው ነው?»

«ታዲያ ማን ነው?»

ትህትና ከፊታቸው ያለውን ትሪ አየች። ሽሮ፣ የድንች ወጥ፣ የተደራረበ እንጀራ፣ ለማወራረጃ ዳቦ፣ ስኳሩ ከሥሩ የረጋ ሻይ።

አቶ ባዘዘው ዓይኗ የት እንዳረፈ ገባቸው። «ጾም ነው እኮ! በጾም ማን ይሰባል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።»

«አምናለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን የቁርሱንም የምሳውንም የእራቱንም አንድ ላይ ያወርዱታል። ጾም ለሆድ ዕረፍት ነው፣ አጎቴ፤ ቀጠሮ አይደለም።»

«አንቺ ከተማ ለምደሻል፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ሰው ሲከሳ ጠላት ይደሰታል። ወይ ታሟል፣ ወይ ተርቧል፣ ወይ ሚስቱ ጠልታዋለች ይባላል። ፈረሰኛ ደግሞ ኮርቻ መሙላት አለበት። አባቴ እንዲያ ነበር።»

«አያቴን በፎቶ አይቻቸዋለሁ። እንደ ቀርከሃ የቀጠኑ ነበሩ።»

«ፎቶው አርጅቶ ነው!»

«ፎቶ ሲያረጅ ይደበዝዛል እንጂ ይከሳል እንዴ?»

በአጠገባቸው የተቀመጡ ሰዎች ሣቃቸውን በሻይ ብርጭቆ ሸፈኑ። አቶ ባዘዘው ሲናደዱ አገውኛ ይቀድማቸዋል፤ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ትህትና ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅዎ። አምና ድንች ነጋዴውን ደሴን ገበያ መሐል ያዋረዱት ለምን ነበር?»

«ፈረሱን ከኩንታል በላይ ጭኖበት ነዋ! ድንቹ ሳያንስ ከሰል ደረበበት። ያ አረመኔ! ፈረስ ነፍስ የለውም?»

«ኩንታል ስንት ኪሎ ነው?»

«መቶ ነው እንጂ፤ ይህን የማያውቅ አለ?»

«እርስዎስ?»

የያዙትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። ሌላውን ሲሰድቡ የተናገሩትን ቃል የራሳቸው ጆሮ እስኪሰማው ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ሳይሰማው ይሞታል። አቶ ባዘዘው ግን ፈረስ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ያ ነው ያዳናቸው።

«ሰው በኪሎ አይመዘንም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ሳይሆን።

ትህትና ክንዳቸውን ይዛ ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ወዳለው መድኃኒት ቤት ወሰደቻቸው። ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርፌው መቶን አልፎ ሄደ፤ ዐሥርንም ጨመረ።

«ጋቢው ነው!»

ጋቢውን አወለቁ። መርፌው ብዙም አልተነቃነቀም።

«ኮርቻው ገና አልተቆጠረም» አለች ትህትና። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ማድረሱንም የሚችለው ሲመጥኑለት ነው። በዚህ ላይ ገብሱን ቢቀንሱበት ዳማው ዳገቱ ላይ ይወድቃል፤ ከነፊት ረድፍዎ።»

አቶ ባዘዘው ከሚዛኑ ወረዱ። ደሴ ትዝ አላቸው፤ ሰው ሁሉ እያየው አንገቱን የደፋበት ሰዓት። «ታዲያ ምን ላድርግ? በረሃብ ልሙት?»

«ማን ይሙቱ አለዎት! ጎመኑንና ባቄላውን ያብዙ፣ እንጀራውን ይቀንሱ። ስኳሩን ይተዉት። ጠላውን አንድ ብርጭቆ ብለው ያቁሙ። ዳገት ሲደርሱ ወርደው ዳማውን እየሳቡ ይሂዱ፤ ለሁለታችሁም መድኃኒት ነው።»

«ሰው ቤት ስገባ "በሞቴ" ሲሉኝስ? እምቢ ብል መርዘውኛል ብሎ ጠረጠረን ይላሉ።»

«"በሞቴ" ያለ ሰው ሲሞት አላየሁም፣ አጎቴ። በልቶ የሚሞተው የተለመነው ነው። መርቀው፣ አንድ ጉርሻ ተቀብለው፣ "ጠገብኩ" ይበሉ። ቃሉ ነውር የለበትም።»

«ባለቤቴ ይመኙሽስ? ሳልጨርስ ከተነሣሁ ወጤ ተነቀፈ ብላ ታለቅሳለች።»

«እሷን ለእኔ ይተዉልኝ። "የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል" የተባለው እርስዎ ቤት ተገልብጦ ነው፤ አጉራሿ እሷ፣ ጎራሹ እርስዎ።»

በዚያ ማታ አቶ ባዘዘው ከዳማው ጎን በእግራቸው ወደ ቤታቸው ወጡ። ወገኔ አይቷቸው ኖሮ በማግስቱ፣ «ፈረሱ ሞቶ ነው፤ የሚሳበው ሌላ ነው» አለ። በገና ዕለት ከሥጋው ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ደግሞ «ታመዋል» ተባለ። ይመኙሽ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ቀጥላ የድስቱን ልክ አሳነሰች። አቶ ባዘዘው በሌሊት ማንኮራፋት ሲያቆሙላት ግን የልጅቱን ስም በምርቃት ማንሣት ጀመረች።

የደግ ነገር ጥቅሙ በአንድ በኩል ብቻ አይመጣም። ጉልበታቸው ሲነሡና ሲቀመጡ መጮኹን ተወ። ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸውን ቢያስለኩ ግፊቱ ወርዷል ተባሉ። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። ዳማው ሙሉ ገብሱን እየበላ፣ በጥር መጀመሪያ ያን ዳገት ሳይቆም ወጣው፤ ጫፍ ላይም ሲደርስ ወደ ኋላ አልዞረም። በበዓሉ ቀን አቶ ባዘዘው በፊተኛው ረድፍ፣ በአባታቸው ቦታ፣ እንደ ቀርከሃ ባይሆንም ቀጥ ብለው አለፉ። ከዳር ቆሞ ካያቸው ሕዝብ መሐል ደሴ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት።

ከበዓሉ በኋላ አዝመራው እቤታቸው መጣ። ጎመን በባቄላ ቀረበ። «በሞቴ» ያለ አልነበረም። አዝመራው በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሣው።

«አያ ባዘዘው፣ ያን ዳገት እንዲያ የለፉበት ለምን ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልወጣ ፈረስ ፊት አይሰለፍም ያልከው?»

«ያማ ለጎረምሶቹ ነው። ያልተገራ ፈረስ እያመጡ ሰልፉን ስላስቸገሩን ነው። የሽማግሌዎቹን ረድፍ አይነካም፤ እዚያው ስብሰባ ላይ ቀጥዬ ተናግሬዋለሁ። እርስዎ ምሳ ደርሷል ብለው ቀድመው ወጥተው ነበር።»