በባሕሩ ዳር የጠበቀኝ መርዶ

ትምህርት ሲዘጋ አራት ሺህ ሼቄል ከፍዬ ቤተሰቤን እስራኤል ውስጥ ከምንኖርበት ከአፉላ ባሕር ጠረፍ ወዳለችው አሽዶድ አመጣሁ። ለአንድ ሳምንት ቤት ተከራይተን፣ ቀን ቀን ባሕሩ ዳር ድንኳን ጥለን እንውላለን። አፉላ ታሞ ለተኛው ወንድሜ ደውይልኝ ባልኳት ቁጥር ልጄ በላይነሽ «አሁን ተኝተዋል አሉ፣ አባባ» ትለኛለች።

በመጨረሻው ማለዳ ሦስት ዘመዶቻችን ከአፉላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ድንኳናችን መጡ። ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ያን ያህል መንገድ ለሰላምታ አይመጣም። ወንድሜ ከተቀበረ አምስት ቀኑ ነበር።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«ሳምንቱ ሳያልቅ ብንመለስ ኪራዩ አይመለስም አሉን አከራዮቹ። አንቱ ደግሞ ገንዘብ ሲባክን አይወዱም» አለችኝ አንገቷን ደፍታ።

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከአራቱ ሺህ አንዲት ሼቄል አልባከነችም። ያተረፍኩት አምስት ቀን ባሕር ነው፤ የከሰርኩት በወንድሜ መቃብር ላይ የምጥላትን አንድ እፍኝ አፈር።