አሮጌው ማርሚታ

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ የዛገ የመኪና ጭስ ማውጫ ማርሚታ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ታክሲው ውስጥ ገቡና በእኔና በአንዲት ሴት መካከል ተቀመጡ። ጥላሸቱ ሱሪዬን እንዳይነካኝ ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ በአማርኛ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለቆራሌው ነው?»

«አይደለም። ንሳምብያ ጋራዥ ያለችው ቮልሴ ላይ መልሼ ላስገጥመው ነው።»

«ያለ ማርሚታ ነው የቆመችው?»

«አዲስ አላት። በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት።»

«ታዲያ አዲሱ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ድምፅ የለውም።»

«እሱማ ጥሩ ነው።»

«እኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። በዚህኛው ስመጣ ባለቤቴ ገና ከመታጠፊያው ትሰማኝ ነበር። በአዲሱ ሳትሰማኝ ቤት ገባሁ። ጓዳ ሆና የሞተውን ልጃችንን ስም እየጠራች ታለቅሳለች።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በቅርብ ነው?»

«ቆይቷል። እኔ ፊት ማልቀስ ካቆመች ብዙ ጊዜዋ ነው። ወጥቶላታል ብዬ ነበር።»

«ገብተው አይዞሽ አላሏትም?»

«ቀስ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ለእኔ ብላ እኮ ነው የምትደብቀው። እንደሰማኋት ካወቀች ጓዳም ማልቀሷን ትተወዋለች።»

«እና አሮጌውን ሲያስገጥሙ?»

«ከመታጠፊያው ስትሰማኝ፣ እኔ በሩ ጋ እስክደርስ ፊቷን ትታጠባለች።»

የሰበሰብኩትን ጉልበቴን ወደ ማርሚታው መልሼ ዘረጋሁት።