ሌላዋ አስካል፦ የወይዘሮ አስካለማርያም አምባው ዜና ሕይወት

በዚህ በአቦ ደጅ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ የሰው ታሪክ በቀብሩ ቀን ሲነበብ ሟቹ ሁልጊዜ ታጋሽና ሆደ ሰፊ ሆኖ እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ወይዘሮ አስካለማርያም ደግ ነበሩ፣ ቤታቸውም ለሰው ያልተዘጋ ነበር፤ ታጋሽ ነበሩ ብለን ብናነብ ግን እዚህ ከቆመው ሕዝብ ግማሹ በሐዘኑ መካከል ሳቅ ያመልጠዋል። ቀናተኛ ነበሩ። ይህን ዘለን ብናልፍ ሕይወታቸውን መዝለላችን ነውና እንደነበረው እናነባለን።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከአባታቸው ከአቶ አምባው ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች ደስታ በ1934 ዓ.ም. በአቃቂ ተወለዱ። አባታቸው በሐዲድ ጥገና ሥራ ተቀጥረው ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ቤት የሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ ልጅቱ የባቡር ፊሽካ እየሰማች አደገች። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ እስከ አራተኛ ክፍል ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ ገና በልጅነታቸው በጥጥ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ገቡ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያው አልወጡም።

በ1953 ዓ.ም. በዚያው በአቃቂ ከአርሶ አደር ቤተሰብ የተወለዱትንና የባቡር ነጂ ረዳት የነበሩትን አቶ ቀጀላ ዱሬሳን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። በዚያ ዘመን ስለ ባቡር ሰው የሚወራው ወሬ ለጆሮ አይመችም ነበር፤ አንዱ ጎጆው አቃቂ፣ ሌላው አዋሽ፣ ሌላው ድሬዳዋ ነው ይባላል። አቶ ቀጀላ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱ ሰው ቢሆኑም ባለቤታቸው ይህን ወሬ ከሆዳቸው ማውጣት አልቻሉም። ባቡሩ ዘግይቶ በገባ ቁጥር ሸሚዛቸውን ያሸቱ እንደነበር፣ ሽታውም ሁልጊዜ የናፍጣ ብቻ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ገደማ ሬዲዮ ጣቢያው አንድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ክላሲካል ሙዚቃና ድራማ እንደሚያሰማ ተነገረ። አቶ ቀጀላ በባቡር ጣቢያው ሹም በአቶ ካሳሁን ቤት አልፎ አልፎ ያንን ሙዚቃ ሰምተው ኖሮ፣ የሞተሩ ጩኸት ከጭንቅላታቸው የሚወጣላቸው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው እሑድ አማታቸውን ሊጠይቁ ቃል ገብተው ስለነበር፣ እውነቱን ቢናገሩ የሚመጣባቸውን ፈርተው ተረኛ ነኝ ብለው ዋሹ። በዋዜማውም ለአንድ የሥራ ባልደረባቸው፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ከክላሲካል ጋር ነኝ ሲሉ፣ የፈትል ክፍሏ ወይዘሮ ፈለቀች በአጠገባቸው ታልፋለች። ክላሲካል የሚባል ነገር ሰምታ የማታውቀው ፈለቀች የገባትን ይዛ በረረች፤ ባልሽ ነገ ከአስካል ጋር ነው የሚውለው ብላም ለጓደኛዋ ነገረች።

ወይዘሮ አስካለማርያም በሰፈሩ ሁሉ አስካል እየተባሉ የሚጠሩ ነበሩና ነገሩን ሲሰሙ ክው አሉ። በኋላ እንደ ተረት የተነገረላቸውን ቃልም ያን ጊዜ ተናገሩ፦ «አስካል እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ነገ እናቴ ዘንድ ነኝ። እሱ አብሯት የሚውለው አስካል የቷ ናት?»

እሑድ እናታቸው ዘንድ መሄዱን ትተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው፣ ዓይናቸው ደም ለብሶ ወደ ጣቢያው ወረዱ። ባለቤታቸው በሹሙ ቤት እንዳሉ ተነገራቸው። በመስኮቱ ሥር ሲደርሱም ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰሙ፤ ሴቲቱ እያለቀሰች፣ የኔ ዓለም፣ ሳታየኝ እንዳትሄድ ትላለች። ሰላምታ የለ፣ ማንኳኳት የለ፣ በሩን በርግደው ገቡ። ሴት ግን አልነበረችም። የጣቢያው ሠራተኞች ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አቶ ቀጀላም ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ባለ ነበር። እሳቸው ግን አንጀታቸው የባሰ ተቃጠለ። ባላቸው በሠርጋቸው ቀን አላለቀሱም፣ እሳቸው በመጀመሪያው ወሊድ ሞት አፋፍ ደርሰው ሲመለሱ አላለቀሱም፤ ፊቷን እንኳ ላላዩዋት ሴት ግን አለቀሱ። ሥጋ ለባሽ ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፣ ድምፅ በምኑ ይያዛል እያሉ ብዙ ጊዜ አኩርፈው ሰነበቱ። ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹም ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መለየት ስላቃታቸው ሁለቱንም ተቆጥተው ተመለሱ።

በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለማርያም ከፋብሪካ ደመወዛቸው አጠራቅመው ራሳቸው ሬዲዮ ገዙ፤ የሚያለቅስ ከሆነ ዓይኔ እያየው ቤቱ ያልቅስ አሉ። ድራማው ከዚያ በኋላም በየእሑዱ ይቀርብ ነበርና ያች ተዋናይት አፏን በከፈተች ቁጥር እቃ የሚንኳኳው፣ ወንበር የሚጎተተው፣ ልጆች የሚቆጡት በዚያች ሰዓት ነበር። አቶ ቀጀላ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው ጠጋ ያደርጋሉ፤ እሳቸውም ያን ባዩ ቁጥር ይብስባቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ዳሲቱን፣ አያናንና አሰፋችን ወልደው፣ አሳድገው፣ አስተምረው ለቁም ነገር አበቁ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የአቶ ቀጀላ ጆሮ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ እየደከመ ሄዶ ቀኙ ጭራሹን ዘጋ፤ ግራውም አፍ አስጠግተው ካልነገሩት የማይሰማ ሆነ። ወይዘሮ አስካለማርያም መጀመሪያ፣ እሰይ፣ ከእንግዲህ እሷን አይሰማትም ብለው ለጎረቤት መናገራቸው አይካድም። ዳሩ ግን አንድ እሑድ ከጓዳ ሲወጡ ባለቤታቸው መዳፋቸውን በሬዲዮው ላይ አሳርፈው፣ በእጃቸው የሚሰሙ ይመስል ፀጥ ብለው ተቀምጠው አዩ። በርጩማ ስበው በግራቸው ተቀመጡና አፋቸውን ከባላቸው ግራ ጆሮ አስጠግተው የሚባለውን ሁሉ ይነግሯቸው ጀመር። ሙዚቃውን ቃል ስለሌለው በጣታቸው ትከሻቸው ላይ ይመቱላቸዋል፤ ሲዘገይ ቀስ፣ ሲፈጥን ቶሎ ቶሎ።

ተዋናይቱ ተራዋ ሲደርስም አላስቀሩባትም። በትዳር ዘመናቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን የፍቅር ቃል ሁሉ ለአቶ ቀጀላ ነገሩ፤ አቶ ቀጀላም አለቀሱ። ልጆቹ ተያይተው ሲስቁ እናታቸው ቱግ አሉ፦ «ምን ያስቃችኋል? እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት ያለችው።»

ይህም የዘወትር ልማድ ሆነ። አንድ ቀን ዳሲቱ ልትጠይቃቸው መጥታ እናቷ እንደ ወትሮው በአባቷ ጆሮ ሲያወሩ ስታይ፣ ሬዲዮው ለምን ድምፅ እንደሌለው ልትመለከት ጠጋ አለች። ጀርባውን ከፍታ ስታይ የባትሪ ድንጋዩ አልቆ፣ ፈሶ፣ ዝጎ ነበር፤ ካለቀ ሰነባብቷል። የእናቷን ወሬ ላለማቋረጥ ወደ ቦታው መልሳ ወጣች፤ ይህንንም ለማንም ሳትናገር እስከ ትናንት ቆየች።

ወይዘሮ አስካለማርያም ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ በትናንትናው ዕለት በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ሦስት ልጆችን፣ ስድስት የልጅ ልጆችን፣ የዘመናት ጓደኛቸውን ወይዘሮ ፈለቀችን፣ እንዲሁም ባለቤታቸውን አቶ ቀጀላን ለሐዘን ትተዋል።

አቶ ቀጀላ አሁን ከፊታችን ተቀምጠው የአንባቢውን አፍ ያያሉ፤ የሚነበበው ግን አይሰማቸውም። ዳሲቱ ዛሬ ጠዋት፣ ፍትሐቱ ሲደርስ፣ የሚባለውን ልትነግራቸው አፏን ወደ ግራ ጆሯቸው ብታስጠጋ በእጃቸው ከለከሏት። «ተይው ልጄ፤ ይህ ጆሮ የእናትሽ ነው» አሏት።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ስስትና ቅናት በሌለበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።