ያልፈረሰው እርከን

የከባድ መኪና ሾፌሩ አቶ ጀንበሬ ጅቡቲ ላይ የወደብ ተራቸው እስኪደርስ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ምሳቸውን በልተው ሲወጡ፣ አንዲት ወጣት ከጆንያ ጋር ስትታገል አገኙ። «አይዞሽ» ብለው ቢያነሱላት ወገባቸው ሊቀነጠስ ሆነ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው ልጄ?»

«አፈር ነው ጋሼ። ሆዳን ሰፈር የምሠራላቸው ሴትዮ ለአበባቸው አስገዝተውኝ ነው።»

ልጅቱ ስርጉት ትባላለች፤ የወሎ ልጅ፣ ያውም ከአቶ ጀንበሬ ቀበሌ ወንዝ ማዶ። ታክሲ እስኪመጣ ጨዋታ ተጀመረ። ሰው ያገሩን ልጅ ሲያገኝ ሆዱን ይዘረግፍ የለ? እሳቸውም ዘረገፉት።

«ዳገቷን መሬቴን ወንድሜ ጋሻው ነው የሚያርሳት። እርከን እሠራለሁ ብሎ በድንጋይ ካብ ሞላት፤ መሬት ያጣብባል፣ አይጥም ይፈለፈልበታል። ከካቡ ጀርባ ግን ለም አፈር ተጠራቅሟል። አፍርሰህ በማሳው በትነው ብየዋለሁ። ዛሬ ደቦ ጠርቷል፤ ሲደውል ‹ጀምሩ› ልለው ነው።»

ስርጉት መሬት መሬት አየች።

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ አባቴም እንዲሁ አፍርሶ ነበር። በዓመቱ ማሽላው ሰው እስኪውጥ አደገ። በተከታዩ ክረምት አንድ ከሰዓት ዘነበና አፈሩ ተጠራርጎ ወንዝ ገባ። እኔም እንጀራ ፍለጋ እዚህ መጣሁ።»

«እሱማ የዝናቡ ጥፋት ነው።»

«ዝናቡማ ለአጎቴም ዘንቧል። እሱ ካቡን አልነካም፤ ሣር ተክሎበት ለከብቶቹ ያጭዳል፣ ማሳው እርጥበት ይዞ ይቆይለታል።»

«አይጡስ?»

«አይጥ ይባረራል ጋሼ። የሄደ አፈር ግን በምን ይመለሳል?»

አቶ ጀንበሬ በክርክር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ዛሬ ግን ጆንያውን አዩትና ሐፍረት ተሰማቸው። እዚህ ሰው ገዝቶ የሚሸከመውን፣ እሳቸው ለጎርፍ በነፃ ሊሰጡ ነበር።

ስልኩ ጠራ።

«ጋሻው፣ ተወው ወንድሜ። ደቦው የላላውን ካብ ይጠግንበት። የደከምክበትን አፍርስ ማለቴን ይቅር በለኝ።»

ጋሻው ሳቅ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድም ዓለም። እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ሰበብ እየፈለግሁ ሰዉን ሳዘገይ ነበር።»

አቶ ጀንበሬ ስርጉትን አየት አደረጓት። «ነገ ደግሞ ሰዉን ይዘህ ወንዝ ተሻገር። እዚህ ስርጉት የምትባል የማዶ ልጅ አግኝቼ ነው፤ ለአባቷ ካብ ትሠሩለታላችሁ።»

ስርጉት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ተመስገን» አለች። «አባቴ እኮ ስህተቱ ከገባው ቆይቷል ጋሼ። ያጣው የሚያግዘው ሰው ነው።»