ሚስተር ሆልሮይድ ያልተሳፈሩበት አውቶቡስ

ሚስተር ኔቪል ሆልሮይድ ከኦልድሃም ዳርቻ ወደ መሀል ከተማ ሊወርዱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድተዋልና፣ አውቶቡስ ሲዘገይ እንደ ግል ስድብ ነው የሚቆጥሩት። ዛሬ ስምንት ደቂቃ ዘግይቷል። የያዙት ጥቁር ሣጥንም ከወትሮው ከብዷቸዋል። ውስጡ በመንደሩ የማርሽ ባንድ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የነፉት ጥሩምባ አለ።

የጎረቤታቸው ልጅ ታምሲን፣ ዘንድሮ ከኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀችው፣ የተጠበሰ ድንቿን ከወረቀት እያነሳች እየበላች ደረሰች።

"እንዴት ዋሉ ሚስተር ሆልሮይድ! ልምምዱ ማክሰኞ አልነበር እንዴ?"

"ልምምድ አይደለም የኔ ልጅ። ልሸጠው ነው።"

ድንቹ አፏ ሳይደርስ ቆመ። "የባንዶቹ ውድድር እኮ የፊታችን ዓርብ ነው!"

"ዓርብ ሌላ ሰው ይንፋ።" ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "የቤት ማሞቂያው በብርድ መሀል ፈነዳብኝ፤ በክሬዲት ካርድ ከባንክ ተበድሬ አሠራሁት። አንድም ወር ሳላሳልፍ አርባ አርባ ፓውንድ እከፍላለሁ፤ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ይኸው፣ አሁንም አንድ ሺህ ሁለት መቶ።"

ታምሲን ወረቀቱን አየችው። "ከአርባው ሃያ አራቱ እኮ ወለድ ነው! በዚህ አያያዝ ገና አራት ዓመት ገደማ ይከፍላሉ፤ ወለዱ ብቻ ወደ ስድስት መቶ ሃምሳ ፓውንድ ይወስድብዎታል። ለምን ወለድ ወደማያስከፍል የሌላ ባንክ ካርድ አያዛውሩትም?"

"ከአንዱ ተበድሬ ለሌላው ልክፈል? አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳል።"

"አዲስ ዕዳ አይደለም፤ ያው ዕዳ ቤት ለወጠ እንጂ። አዲሱ ቤት ለሠላሳ ወር ወለድ የለበትም።"

"አርባ አንድ ዓመት የዚህ ባንክ ደንበኛ ነኝ። በልደቴ ካርድ ይልኩልኛል።"

"በወር ሃያ አራት ፓውንድ የሚያስወጣ የልደት ካርድ አይቼ አላውቅም።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ለሚስተር ሆልሮይድ ዕዳ እንደ ኃጢአት ነበር፤ በትዕግሥት ይከፈላል እንጂ ዋጋው አይጠየቅም። ብዙ ቀና ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። መክፈላቸውን ያያሉ፤ ምን ያህል እየከፈሉ እንደሆነ ግን አይመለከቱም።

"እሺ፣ ባንክ ጽድቅ የጀመረው መቼ ነው? ያለ ወለድ የሚያበድረኝ ምን ነክቶት ነው?"

"ጽድቅ አይደለም፣ ውርርድ ነው። መጀመሪያ ለማዛወሪያ ከመቶ ሦስት ይወስዳል፤ ለእርስዎ ሠላሳ ስድስት ፓውንድ ይሆናል።"

"ይኸዋ! ነፃ አይደለማ!"

"አይደለም። ግን ሠላሳ ስድስትን ከስድስት መቶ ሃምሳ ጋር ያስተያዩት። ከዚያ በኋላ ባንኩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ወር መክፈል ይረሳሉ፣ ያለ ወለድ የመክፈሉ ዕድል ይሰረዛል። በአዲሱ ካርድ ዕቃ ይገዛሉ፣ ዕዳው ያብጣል። ወይም ሠላሳው ወር ሲያልቅ ገና ቀሪ ይኖርብዎታል፤ ያን ጊዜ ወለዱ ይጀምራል። ትርፉ ከሚዘገይ ሰው ነው።"

"ከሚዘገይ ሰው?" ሚስተር ሆልሮይድ ቀጥ አሉ። "እኔ በበረዶም በጭጋግም አንዲት ደቂቃ ዘግይቼ አላውቅም!"

"እንግዲህ በእርስዎ ላይ የሚወራረድ ባንክ ምስኪን ነው! በወር አርባ አንድ ፓውንድ ከሃያ ፔንስ ከከፈሉ በሠላሳኛው ወር ንጹሕ ይሆናሉ። አሁን ከሚከፍሉት የሚበልጠው በአንድ ፓውንድ ከሃያ ብቻ ነው።"

"እምቢ ቢሉኝስ? እኔ እኮ ጡረተኛ ነኝ።"

"ሳያመለክቱ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ስምዎ ላይ ምንም አይመዘገብም። እምቢ ካሉ ጥሩምባው የትም አይሄድም፤ ያን ጊዜ ይሸጡታል።"

ከተማ ወርዶ ጥሩምባን መሸጥ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ መልሶ መግዛት ግን ለጡረተኛ የማይታሰብ ነው። ሚስተር ሆልሮይድ ይህን እያወጡና እያወረዱ ሳለ አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ጠበቃቸው።

"አሥራ አራት ደቂቃ ዘግይተሃል!" አሉት። ወጣቱ ሾፌር ለስድብ ራሱን አዘጋጀ። "እግዜር ይስጥልኝ!"

ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ከታምሲን ጋር ወደ ቤት ተመለሱ። በስልኳ ጠየቁ፤ አዲሱ ባንክ ተቀበላቸው። የድሮው ዕዳ ተዛውሮ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ሚስተር ሆልሮይድ አሮጌውን ካርድ በአትክልት መቀሳቸው ራሳቸው ቆራረጡት። ክፍያው በየወሩ በራሱ እንዲሄድ አዘዙ፤ አዲሱን ካርድም ፈተና እንዳይሆንባቸው ኪሳቸው ውስጥ አልያዙትም።

ዓርብ ማታ ባንዱ እየነፋ ኮረብታውን ሲወጣ ፊት የነበሩት እርሳቸው ናቸው። በየማረፊያው ደግሞ ትልቁን ከበሮ የሚመታውን ሰውዬ ይዘው፣ "ስንት ወለድ ትከፍላለህ? ወረቀቱን አምጣና አሳየኝ!" ይሉት ነበር።

የመጨረሻው ክፍያ በሠላሳኛው ወር፣ የገና በዓል ሊገባ ሲል ታኅሣሥ ላይ ሄደ። በዚያው ቀን ጠዋት ታምሲን ከመስኮቷ ሥር የጥሩምባ ድምፅ ሰማች። ሰዓቷን አየች፤ ልክ ሁለት ሰዓት ነው።